ጋሼ ንጉሤና የአዮዋ በረዶ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ማታ ማታ ሥራ ስትገባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን አብረውኝ የሚያመሹት ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ንጉሤ ነበሩ። ተረታቸው ጅብና ቀበሮ አልነበረውም። እኛ ጋ ከመግባታቸው በፊት አዮዋ ገጠር በአንድ የአሳማ ማረጃ ለዓመታት ሠርተው ነበርና («አሳማ የማይቀምስ አሳማ አራጅ» እያሉ በራሳቸው ይስቃሉ)፣ የሚተርኩልኝ የዚያን አገር አየር ነው። የሳሎኑን መብራት አጥፍተው፣ ከፓርኪንጉ በሚገባው ቢጫ ብርሃን ብቻ ተቀምጠን፣ አገሩ ሁሉ በቆሎ ስለሆነ በሐምሌ አየሩ እንደ ድስት እንፋሎት እንደሚያፍን፣ ማዕበል ሊመጣ ሲል ሰማዩ አረንጓዴ እንደሚሆን፣ ተራራ ስለሌለ ነፋሱን የሚያቆመው እንደጠፋ ይነግሩኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ተረት ውስጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በአካባቢው ከሳቸው በቀር ሐበሻ አልነበረም።

ከሁሉ የምወደው የበረዶውን ሳምንት ነበር። በረዶው ወደ ጎን ሲነፍስ ሰንብቶ መንገዱን ሁሉ ዘጋው።

«ያን ሳምንት ደግሞ፣» ይላሉ እየሳቁ፣ «በዓመት አንዴ የማያስታውሰኝ ሁሉ ኮል አደረገኝ። የሚጠይቁኝ ስለ በረዶ ብቻ ነው። ቆመ ወይ? መንገዱ ተከፈተ ወይ? እናትሽ እንኳ፣ ‹ጋሼ፣ ደጃፉ ድረስ መኪና ይገባል?› አለችኝ።»

የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው፣ በሚቀጥለው ስልክ «አዎ፣ ይገባል» ለማለት አካፋ ይዘው ሲጠርጉ ዋሉ። ከዚያ «አፌን በዳቦ አብሺ» ብለው ተረቱን ይዘጉታል።

አንድ የክረምት ማታ ግን እናቴ በበረዶ ምክንያት ሥራ ቀርቶላት ቤት አመሸች። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ኤንድ ዜን? ከዚያስ፣ ጋሼ?» አልኩ። ጋሼ ቀና ብለው እናቴን አዩ። እናቴም የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች።

«ከዚያማ መንገዱ በተከፈተ ማግስት፣ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እናትሽ ከዚህ ድረስ መጥታ ከሽማግሌዎች ጋር ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ እኔ ግን የት አይቼው። ‹ደጁን አያችሁት? እኔ ነኝ የጠረግኩት› አልኳቸው።»

እናታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ አገር ቤት ካረፉ ሳምንት አልፎ ኖሯል። መርዶ በስልክ አይነገርም ተብሎ፣ እዚህ ያለው ዘመድ ሁሉ አልቅሶ፣ እሳቸው ብቻ ሳይሰሙ መንገዱ እስኪከፈት ተጠበቀ። ያኔ ደግነት ይሁን ጭካኔ መለየት አቃተኝ፤ ዛሬም አልለየሁትም። የሚያሳዝነኝ ሞቱ ሳይሆን ያ የሳምንት ደስታቸው ነው።

አሁን ሮክቪል ብቻዬን እኖራለሁ፤ ስልኬም እምብዛም አይጮህም። አልፎ አልፎ ከጠፋ የሰነበተ ዘመድ ደውሎ «አየሩ እንዴት ነው እዚያ?» ሲለኝ፣ አፌን የሚቀድመው «ማን ሞተ?» የሚለው ነው።