ከነሪዜ ወደ አስመራ

እሑድ፣ ጎሕ ሲቀድ

ከአዲግራት ስንነሣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣው ሣጥን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል፤ ውስጡ ቻርት፣ ጠመኔና እኔው ጽፌ ያባዛሁት ወረቀት ነው። ተልእኮዬ የአስመራ መምህራንን ማሠልጠን ነው። ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ይመረጥና ማየት፣ መስማት ወይም ትምህርት መከተል የሚያስቸግራቸውን ልጆች ይለያል፤ ከሌሎች መምህራንና ከወላጆች ጋር እየመከረም የሚረዱበትን መንገድ ያስተባብራል። እኔ በዚህ ሥራ «ባለሙያ» እባላለሁ። ማን እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

ዛላምበሳን አልፈን ሰንዓፈ ላይ ሻሂና ትኩስ ዳቦ። አገሩ ሁለት ሆኗል፤ ብሩ ግን ገና አንድ ነውና ኪሴ የተሻገረ አልመሰለውም። ሹፌሩ ሐጎስ በመስታወቱ አየኝና፣

«መምህር፣ ሪዝዎ የትግራይን አቧራ ይዞ ገባኮ! ጉምሩክ እንዳያስከፍልዎ» አለኝ።

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ለማያውቀኝ አንባቢ፦ ሪዜ የላይኛውን ከንፈሬን ሸፍኖ የታችኛውንም የሚጎበኝ፣ ጫፉ የተጠቀለለ፣ ከዲግሪዬ ይልቅ የምኮራበት ንብረቴ ነበር። ዓዲ ቐይሕ፣ የሰገነይቲ ዋርካዎች፣ ከደቀምሐረ ወዲህ መንገድ ዳር የተቃጠሉ ታንኮች። አስመራ የገባነው ሲመሽ ነው። ጸጸራት ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ክፍል ተይዞልኝ ስለነበር እንደ ግንድ ወድቄ ተኛሁ።

ሰኞ፣ ፓራዲዞ

ሥልጠናው እዚህ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ነው። በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። ትንሽ እንዳስተማርኩ አንድ ጎልማሳ መምህር እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ብኽብረትኩም፣ እባክዎ በአማርኛ ይሁንልን። አማርኛ ትምህርት ቤት ተምረናል። የእርስዎን እንግሊዝኛ ግን ማንም አላስተማረንም።»

በአማርኛ ሆነ። ከፊት ወንበር መምህርት ለተብርሃን ተቀምጣለች፤ እዚሁ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ስለ ወላጆች ስጠይቃት ስለ ጥቁር ሰሌዳ መለሰችልኝ። ስለ ሰሌዳው ስጠይቃት ዝም አለች። አማርኛዋ ደካማ ነው ብዬ ፈረድኩ። ቸር ሰው ነኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁላት። አልበቃ ሲል ከኋላዋ ሆኖ በትግርኛ ሹክ የሚላት አስተርጓሚ መደብኩላት። እሷም «የቐንየለይ» ብላ አመሰገነችኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ጭራሽ ተበላሸባት።

ማክሰኞ

የዕለቱ ትምህርት «መስማት የተሳነውን ተማሪ እንዴት እንለየዋለን?» የሚል ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ እየጻፍኩ አነበነብኩ፦ ከፊት መቀመጥ ይወዳል፤ የተናጋሪውን አፍ አፍ ያያል፤ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ዞር ስል ለተብርሃን ከፊት ተቀምጣ አፌን አፌን ታያለች። ሲሰለቻት ነው ብዬ አለፍኩ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ የትምህርት ቤቶቹ ተቆጣጣሪ አቶ ወልዳይ መጡ። ከዚህ ትምህርት ቤት ማን አስተባባሪ ይሁን ብለው ጠየቁኝ። ለተብርሃን ራሷ እኔ ልሁን ብላ ጠይቃ ነበር አሉኝ።

«እሷ ትቅር፣ አትከታተልም» አልኩ። አንድ ቃል ሳልጨምር ወደ ምሳዬ ሄድኩ።

ረቡዕ ማምሻ፣ ኮምቢሽታቶ

በዚህ የአስመራ ዋና ጎዳና ሕዝቡ ለብሶ፣ ተጫምቶ ይንሸራሸራል። እኔም ሪዜን ጠቅልዬ ወጣሁ። አንድ ካፌ መስታወት አጠገብ ለተብርሃን ከውስጥ፣ ጓደኛዋ ከውጭ ቆመዋል። መስታወቱ ዝግ ነው። ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ድምፅ የሚባል ግን የለም።

ገብቼ ከኋላዋ «ለተብርሃን!» አልኳት። አልዞረችም። ደገምኩ። አሳላፊው ዞረ፣ እሷ አልዞረችም። ያኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እንደ ጥፊ ፊቴ ላይ አረፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ፊት ለፊቷ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አትሰሚም?»

ፊቷ ገረጣ። «ማጅራት ገትር ነው። አማርኛ ከተማርኩ በኋላ ያዘኝ» አለች። «ከንፈር አነባለሁ። ልጆቼን አነባቸዋለሁ፣ ትንንሾች ስለሆኑ በሙሉ ፊታቸው ነው የሚያወሩት። የእርስዎን አፍ ግን ከሰኞ ጀምሮ ፈልጌ አጣሁት።»

«አስተርጓሚውስ?»

«የማይሰማ ጆሮ ላይ ሲተነፍስ ዋለ።»

ልስቅ ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «በጃኹም፣ እባክዎ እንዳይነግሩብኝ። አለቆቼ ካወቁ ከልጆቹ ለይተው መጋዘን ያስቀምጡኛል።»

ይማሉልኝ ሳትለኝ ማልኩላት። ለአቶ ወልዳይ ያልኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ፤ ከማፈሬም ብሶ እንጀራዋን እንዳላሳጣት ፈራሁ።

ሐሙስ

ጸጉር አስተካካዩ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። «ሪዜ ይላጭ» ስለው ምላጩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ወላሂ ግፍ ነው! ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

ተላጨ። መስታወቱ ውስጥ የማላውቀው፣ ፊቱ የተላጠ ድንች የመሰለ ሰው አየሁ። በዚህ ፊት አቶ ወልዳይ ቢሮ ሄጄ ስለ ለተብርሃን ያልኩት ስሕተት ነው አልኳቸው።

«ምን ተገኘ?»

«ጉድለቱ የእኔ ነበር።»

ረጅም ጊዜ ከንፈሬን አዩት። «እንግዲያው ነገ በሁሉም ፊት ትጠየቅ» አሉ።

ዓርብ

ራቁቱን በወጣ ከንፈሬ ፊቷ ቆሜ ጠየቅኋት። ጥርት አድርጋ መለሰች፤ ሌላም ጠየቅሁ፣ መለሰች። አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ቀረ። አቶ ወልዳይ ከጎኔ ቆመው አንድ ጥያቄ ጨመሩ።

«አንድ ልጅ ችግሩን ቢደብቅሽ ምን ትይዋለሽ?»

«ንገረኝ፣ አትፍራ እለዋለሁ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «እንግዲያው እኔም ልናገር። እኔ አልሰማም። ከንፈር ነው የማነበው።»

አቶ ወልዳይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተንጎራደዱ ከበስተኋላዋ ካለው መስኮት ደረሱ። እዚያ ቆመው ወደ ውጭ እያዩ፣

«የማትሰማ መምህርት ምን ታስተባብራለች? ከክፍልም መውጣት አለባት» አሉ።

እሷ የእኛ ፊት ሲለዋወጥ ብቻ አየች። «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች። የሁላችንም ዓይን መስኮቱ ላይ ቀረ። እኔም፣ ባለሙያው፣ ወረቀቴን አገላበጥኩ።

ለተብርሃን ወንበሯን ሳታዞር፣ «አቶ ወልዳይ፣ ብኽብረትኩም፣ ፊቴ መጥተው ይንገሩኝ» አለች።

ሰውየው በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብለው ዞረው መጡ። ፊቷ ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ እሷም ዓይኗን ከከንፈራቸው ሳትነቅል ጠበቀች። አፋቸውን መልሰው ዘጉት። ሁለተኛ ሲከፍቱት ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ማስተባበሩን መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሏት።

«ሰኞ» አለች።