ድስቱ የተሰነጠቀበት ጠዋት

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ የሞራ ሽታ አላቸው። አያቴ አባባ ደሬሳ ተረት የሚያወሩልን ከእራት በኋላ ድስታቸውን ሲያሹ ብቻ ነበርና። ድስት ስል በየቤቱ ያለውን ቀላሉን አሉሚኒየም ማለቴ አይደለም። የእሳቸው ከቀለጠ ብረት የተሠራ፣ ሦስት አጫጭር እግሮችና ከባድ ክዳን ያለው ጥቁር ድስት ነበር፤ እኔ በሁለት እጄም ከመሬት አላነሳውም። አባባ በጉልምስናቸው ከአምቦ ወደ ጌዶ ያለውን መንገድ ለሚሠሩ ሰዎች ምግብ አብሳይ ሆነው በድንኳን ኖረዋል። ሥራው ሲያልቅ ድስቱን ሸለሟቸው፤ ተሸክመውት ወደ ቤት መጡ።

ያኔ እናቴ ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ትሰቅልና እኔና የእሷ ታናሽ ወንድም ቶሎሳ ምድጃው ዳር እንቀመጣለን። አባባ ድስቱ ውስጥ ደረቅ ጨው በትነው በጨርቅ ያሹታል፣ ለብ ባለ ውሃ ያለቀልቁታል፣ ከዚያ ጠብታ እስኪጠፋ ፍሙ ላይ ያደርቁታል። ሳሙና አያስነኩትም፤ ውሃ አያሳድሩበትም። በመጨረሻ ሞራ ይቀቡታል፤ በስሱ፣ የሕፃን ፊት እንደሚቀቡ ሁሉ። ተረቱም በእጃቸው ፍጥነት ይሄዳል፤ ጨው ሲያሹ የተረቱ ጅብ ይሮጣል፣ ሞራ ሲቀቡ ጅቡም ደክሞት ያዘግማል።

ደጋግመው የሚያወሩልን ግን ተረት ይሁን እውነት ያልለየልኝን የረዳታቸውን ነገር ነበር። አንድ ተራራ አፋፍ ላይ ሰፍረው ሳሉ ረዳቱ ብርድ እያንዘፈዘፈው የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፋበት። ድስቱ እንደ ጥይት ጮኾ ለሁለት ተከፈለ። ረዳቱም ተራራው የተቆጣ መስሎት ቁልቁል ሮጠ፤ እስከ ዛሬም ይሮጣል።

«አባ፣ አሁንስ የት ደርሷል?» ይላቸዋል ቶሎሳ።

«ካቺሲን ትናንት አልፏል፤» ይላሉ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው። ቶሎሳ በሳቅ ይፈርሳል።

ዐሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ ቶሎሳ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያ እንደወጣ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እያለከለኩ መጥተው ገበያው መከበቡን፣ ወጣቶቹ ለውትድርና መታፈሳቸውን፣ ቶሎሳም መኪና ላይ ሲወጣ በዓይናቸው ማየታቸውን ነገሩን። እናቴ የተማሪ መታወቂያውን ይዛ ልጆቹ ወደታጎሩበት የእህል መጋዘን ሮጠች። በሩ ላይ የቆመው ወታደር መታወቂያውን እያገላበጠ አየና «ስሙ ተመዝግቧል፤ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፤» ብሎ መለሰላት።

በማግስቱ አባባ ድስቱን ተሸከሙ። እናቴ እንጨት፣ እኔ በጄሪካን ውሃ ይዘን ተከተልናቸው። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ልክ እንደ ድሮ ሰፈራቸው እሳት አነደዱ። «ትኩስ ነገር ሳይቀምስ አይሄድም፤» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። የመጀመሪያውን ቀን አንዱ ዘበኛ ሳህኑን ተቀብሎን ገባ፤ ባዶውን መለሰልን። ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አባባ ቶሎሳ የሚወደውን ቂንጬ ጥደው፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም ቆልለው ሲጠብቁ ሁለት ትልልቅ መኪኖች መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ሞተራቸውን አስነሱ። ወዲያው አንድ ወታደር ወደ እኛ መጣ።

«አባቴ፣ እሳቱን ያጥፉና ይነሱ። መኪና ሊወጣ ነው።»

«በስሏል እኮ፣ ልጄ። አንድ ጊዜ ላጉርሰው።»

«አጥፉ ብያለሁ!»

ጩኸቱ ይሁን ትከሻው ላይ ያለው መሣሪያ አላውቅም፣ አስደነገጠኝ። ጄሪካኑን አንስቼ ያለውን ውሃ በሙሉ ደፋሁት፤ እሳቱም ላይ፣ ድስቱም ላይ። ድስቱ ጮኸ። ወታደሩ ደንግጦ መሣሪያውን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞረ። እንፋሎቱ ሲገለጥ ድስቱ ከአፉ እስከ እግሩ ተሰንጥቆ ቂንጬው አመዱ ላይ ይንጠፈጠፍ ነበር።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተ። ሁለተኛው መኪና ሲያልፍ ከሸራው ሥር «አባ!» የሚል ድምፅ ሰማን። አባባ የሚፋጀውን ቂንጬ በባዶ እጃቸው ዘግነው መኪናውን ተከትለው ሮጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። እናቴ እየጠራቻቸው ከኋላ ሮጠች፤ እኔ ባዶውን ጄሪካን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ስንደርስባቸው መንገዱ መሐል፣ አቧራው ውስጥ፣ ጭብጣቸውን ሳይፈቱ ቆመው ነበር። እናቴ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ስትፈታ መዳፋቸው ተልጦ አየሁ።

ድስቱን ወደ በያጅ ወሰድነው። ይህ ብረት ብየዳ አይቀበልም፣ ይብሱን ይፈረካከሳል ብሎ መለሰልን። ከቶሎሳ ከሰሜን ጦር ግንባር አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ከዓመታት በኋላ ጦርነቱ ሲያበቃ የተበተኑት ወታደሮች በአዲስ ዓለም በኩል በእግራቸው ሲመጡ እናቴ አንዱንም ሳትጠይቅ አላሳለፈችም። ቶሎሳን የሚያውቅ አልተገኘም።

አባባ ግን አንድም ቀን ስለ ውሃው አልተቆጡኝም። እኔ ቁጣውን ስጠብቅ ኖርኩ፤ ቢመቱኝ የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ የመዳፋቸው ጠባሳ ነጭ ከሆነ በኋላ፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሄጄ «አባባ፣ ትኩስ ሳይቀምስ የሄደው በእኔ ነው፤» አልኳቸው።

መዳፋቸውን ወደ ፀሐይዋ ገለበጡ። ከዚያ «ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያን ቅዳሜ አልሄድም፣ ጥናት አለብኝ ብሎኝ ነበር። ጨው አልቋል፣ ሂድ ግዛ ብዬ ወደ ገበያ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ዛሬ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ብዙ ሰው አጽናንቻለሁ፤ ያን ቀን ምን ልላቸው ይገባ እንደነበር ግን አሁንም አላውቅም። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ብላቸውም አያምኑኝም ነበር፤ እሳቸውም የእኔን ጥፋት ሊያነሱልኝ አልቻሉም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትሸሽ ድረስ ሁለታችንም መንገዱን እያየን ቆየን።