የመርከቡ መኮንን ጀርባ የኔ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ደቡብ አፍሪካ ቴሌቪዥን ላይ የሚመላለስ አንድ የብስኩት ማስታወቂያ ነበር። አንድ ትልቅ የድሮ ዘመን የእንፋሎት መርከብ አትላንቲክን ያቋርጣል። አንደኛ ማዕረግ የተሳፈሩት ባለጠጎች ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የብስኩቱ ሽታ እስከ ታችኛው እሳት ክፍል ይወርድና፣ ምድጃው ውስጥ ከሰል ሲጨምር የዋለ፣ ጥላሸት የለበሰ አንድ ሽማግሌ አፍንጫውን ተከትሎ ከወለሉ ቀዳዳ ብቅ ይላል። አንድ ክፉ መኮንን ይጮህበትና ገፍትሮ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ያ መኮንን እኔ ነኝ። ፊቴ አይታይም፤ የሚታየው ጀርባዬና ቀኝ እጄ ብቻ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አላመነችኝም። «ጀርባማ የሌለው ማን አለ?» ትላለች።

እውነተኛ መርከብ ረግጬ አላውቅም። ጆሃንስበርግ ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር የላትም። እንዲያም ሆኖ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ የፈራሁትም መርከብ ላይ ሆኜ ነው።

ያን ጊዜ አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ስፓዛ ነበረችኝ፤ ዳቦ፣ ወተትና ሳሙና የምሸጥባት ጠባብ የሰፈር ሱቅ። ልቤ ግን ከሱቁ ወጥቶ ከሄደ ቆይቷል። ለፊልም ሠሪዎች ልብስ የምትሰፋ አንዲት ያገሬን ልጅ ወድጄ ነበር። እሷም ወዳኛለች። በሚመጣው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች አባቷ ዘንድ እንዲሄዱልኝ ለምኜ እሺ ብለውኛል። አባቷ ስለ ሁለታችን ምንም አያውቁም። የኔ ጭንቀት ግን ስለ እኔ ብቻዬን የሚያውቁት ነገር መኖሩ ነበር።

መሪ ስይዝ ሌላ ሰው ነው የምሆነው፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዳቦ የጫንኩባትን ባኪዬን፣ እዚህ አገር ፒክአፕን ባኪ ነው የሚሉት፣ እየነዳሁ መሀል ከተማ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆምኩ። አረንጓዴ በራ። አንድ ግራጫ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ የሚሸጥ ቀበቶ ደርድረው፣ ገዳም የሚሳለሙ ይመስል በዝግታ ይሻገራሉ። ክላክስ አደረግኩ። አልፈጠኑም። እጄን ክላክሱ ላይ አሳርፌ ተውኩት። ከዚያም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ ሰው ሲናደድ በቋንቋው ነውና የሚሳደበው፣ በአማርኛ «ሽማግሌ፣ መንገዱ ያባትህ ነው?» አልኩ።

ሰውየው መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። ዞረው ትክ ብለው አዩኝና በጠራ አማርኛ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

ነዳሁና ጠፋሁ። ከጊዜ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ የወደድኳት ልጅ ያንን ባለ ግራጫ ባርኔጣ ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዛ ስትመጣ ባይ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ተሸሸግኩ። ነገሩን ለእሷ ስነግራት መርፌዋን ጥላ ሳቀች። «አባዬ ያን ባለጌ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ያነሳዋል» አለችኝ። «መልኩን ግን የረሳው ይመስለኛል።» ይመስለኛል የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ከዚያ ወዲህ አባቷን ሰላም የምላቸው ከሩቅ፣ አንገቴን እስከ ደረቴ ደፍቼ ነበር። ትሕትና የመሰለው ብዙ ሰው ነው።

ማስታወቂያው የተቀረጸው ሽማግሌ ሊላክ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ቀን ነው። ሠሪዎቹ መርከቡን የሚሞሉ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሰዎች ፈለጉ፤ እሷም ከቤተ ክርስቲያንና ከጅምላ ሱቆቹ ሃያ የሚያህል ያገራችንን ሰው ይዛ ሄደች። እኔ ሦስተኛ ማዕረግ ሆንኩ፤ ከኋላ ከረጢት አቅፌ እንድቀመጥ። አባቷ ደግሞ፣ ዳይሬክተሯ ጢማቸውን ገና ስታይ ወዳው፣ ከሰል ጨማሪው ሽማግሌ ሆኑ። ሥራውን እንደ ክህነት ነው የያዙት። አካፋ በየትኛው እጅ እንደሚቀድም ጠይቀዋል። ብስኩቱ ወተት እንዳለው መነጽር አድርገው ካነበቡ በኋላ «ረቡዕ ነው» ብለው ስለመለሱት፣ ልጃቸው ለእሳቸው ብቻ በዘይት የጾም ብስኩት ጋግራ መጣች።

መርከቡ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ የተሠራ የእንጨት መድረክ ነው። ከሥሩ የመኪና ጎማዎች አሉት። ስምንት ወጠምሾች ከሁለት ወገን እየገፉ ያወዛውዙታል። ባሕሩ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። መጋዘኑ በር ላይ የሚያንቋርረው የጄኔሬተር ጭስ ደግሞ ሳይፈለግ እየገባ የመርከቡን ጭስ ያሳምር ነበር። ከእኛ አንዲት ሴትዮ እዚያው ጎማው ላይ የእውነት የባሕር ሕመም ያዛትና ሎሚ ተሯሩጦ መጣላት።

ችግሩ የጀመረው በመኮንኑ ኮት ነው። ለመኮንንነት የተቀጠረው ሰውዬ በር የሚያክል ነበርና ኮቱ አልዘጋ አለው። ሌላ ሰው ሞከረ፣ አልሆነም። ሦስተኛውም አልሆነም። ዳይሬክተሯ ተቆጣች። ልጅቷ መርፌዋን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። እኔና እሷ ብቻ የምናውቀው ነገር ነበር፤ ያንን ኮት ስትሰፋ ስድስት እሑድ ከሰዓት እኔ ላይ እየለካች ነው የሰፋችው። ኮቱ እየዞረ እየዞረ ከኋላ ወንበር መጣ። ባርኔጣዬን አስወልቀው አለበሱኝ። ቁልፉ ሁሉ ቀዳዳውን አገኘ፤ እጅጌው አንጓዬ ላይ ልክ ቆመ። ፊቴ እንደማይታይ፣ የሚፈለገው ጀርባ ብቻ እንደሆነ ነግረውኝ ወደ ፊት ገፉኝ።

አባቷ ጥላሸታቸውን ተቀብተው ባልዲ ይዘው ቆመዋል። ኮቱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ኮቱ ልክህን በምን አወቀ?» አሉኝ።

«እግዜር ያውቃል፣ ጋሼ።»

«እግዜርማ ያውቃል። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ኮቱ ነው።»

ለማምለጥ ጊዜ አልነበረም። ዳይሬክተሯ ከፊቴ ቆማ የሚጠበቅብኝን አስረዳችኝ። «ክፉ ሁን። በፈለግከው ቋንቋ ጩህበት፤ ድምፁን ሙዚቃ ይሸፍነዋል። ከዚያ በአንድ እጅህ ገፍትረህ ቀዳዳው ውስጥ ጣለው። ታች ፍራሽ አለ።» ላገባት የማስባት ልጅ አባት፣ ሽማግሌ ሊላክባቸው አራት ቀን ሲቀረው፣ ሃያ ያገሬ ሰው እያየ፣ ገፍትሬ ጉድጓድ ልጥላቸው ነው። ያውም አንዴ የሰደብኳቸውን ሰው።

«አክሽን» ተባለ። መርከቡ ተወዛወዘ። አባቷ ባልዲያቸውን ተሸክመው፣ እያለከለኩ ብቅ አሉ። ባልዲው ውስጥ ያለው ጥቁር የተቀባ ስፖንጅ ነው፤ ላባ ያህል አይከብድም። እጄ ግን ይህን አያውቅም፣ ሄዶ ተቀበላቸው። «ይስጡኝ ጋሼ» ብዬ ባልዲውን ይዤ ቆምኩ። ዳይሬክተሯ አስቆመች።

በሁለተኛው ቀረጻ ባልዲውን ላለመንካት ጥርሴን ነከስኩ። እሳቸው ግን እግራቸው ጠርዙን ሲረግጥ ሸርተት አለ፤ ክንዳቸውን ደግፌ አወጣኋቸው። በሦስተኛው ገፋኋቸው። በቀኝ እጄ ነው የገፋሁት፣ ግራ እጄ ግን የቀኝ እጄን ክርን ይዟል፤ ወገቤም ጎንበስ ብሏል። ለገና በዓል እንኳን አደረሰዎ ልላቸው የመጣሁ ነበር የምመስለው።

በአራተኛው ጥፋቱ የኔ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ብቅ ሲሉ ከኋላ የተቀመጡት ያገራችን ሰዎች፣ ሎሚ የያዘችው ሴትዮ ሳትቀር፣ «ኖር» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እሳቸውም ጥላሸታቸውን እንደለበሱ «በእግዜር፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ዳይሬክተሯ ራሷን ያዘች።

«ለምንድነው ለከሰል ጨማሪው የሚነሡት?» ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት።

«ትልቅ ሰው ስለሆነ።»

«እዚህ መርከብ ላይ እኮ ማንም አይደለም። ንገሪያቸው።»

ልጅቷ ወደ እኛ ዞረች። «እባካችሁ ስትነሡ ቀስ በሉ ብላለች» አለች።

ስምንተኛው ላይ ደረስን። ዳይሬክተሯ ስክሪኑ ፊት አቆመችኝና ጀርባዬን አሳየችኝ። «እየው» አለችኝ፣ «ትከሻህ ይቅርታ ይጠይቃል።» እውነቷን ነው። የማንም ትከሻ እንደዚያ ሲለማመጥ አይቼ አላውቅም። አፈርኩ። ኮቱን አውልቄ በሩጫ አሌክሳንድራ መግባት አማረኝ።

አባቷ በጣታቸው ጠሩኝ። ፊታቸው ላይ የሚታየው የዓይናቸው ነጭ ብቻ ነው።

«ልጅ፣ ከዚህ ጉድጓድ ስንት ጊዜ ልውጣ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ያን ቀን እምቢ አላለህም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መንገዱ ያባትህ ነው ስትለኝ።»

መርከቡ ቆሞ ሳለ የሚወዛወዝ መሰለኝ።

«አውቀውኛል?»

«ቤተ ክርስቲያን ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩህ። ያ ወፍራም ሰውዬ ምን ያህል ይሸፍንሃል? ይቅርታ ይለኝ ይሆናል እያልኩ በየእሑዱ ስጠብቅህ ነበር። አንተ ግን አንገትህን ትደፋና ትሄዳለህ።»

«አሁን ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» ብዬ ወደ ጉልበታቸው ልወርድ ስል በባልዲው ከለከሉኝ።

«አሁን ሥራ ላይ ነን። እኔ ድርሻዬን በሚገባ እየሠራሁ ነው፣ የምታበላሽብኝ አንተ ነህ። ያን ቀን እንዳደረግከኝ አድርገኝ።» ይህን ብለው ወደ ጉድጓዳቸው ወረዱ።

መቼም ሰው ታዝዞ ባለጌ መሆን እንደዚያ ቀን ከብዶት አያውቅም። ብቅ አሉ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። «ሽማግሌ፣ መንገዱ ያባትህ ነው?» ብዬ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ጮኽኩና በአንድ እጄ ገፋኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ ስፖንጁ እየተበተነ፣ ወደ ኋላ ተሰወሩ። ከኋላዬ ሃያው ሰው በአንድ ትንፋሽ «ውይ» አለ። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ ነበር። ስጮህም እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ቃሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ እንደቆየ ያወቅኩት ያኔ ነው። አስቁሙ እስኪባል አልጠበቅኩም። ተከትዬ ቀዳዳው ውስጥ ዘለልኩ። ኮቱ ከአንገት እስከ ወገብ ተተረተረ።

ታች ጨለማ ነው። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ፣ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» እላለሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ እስማለሁ። አንድ ጊዜ ባልዲውን የሳምኩ ይመስለኛል።

«ተነሥ» አሉኝ። «ጎኔ ላይ ነህ።»

ከላይ ጭብጨባ ተሰማ። ዳይሬክተሯ የፈለገችውን አግኝታለች። ማስታወቂያውን ያያችሁ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሥዕሉ ወደ ባለጠጎቹ ጠረጴዛ የሚዞረው የመኮንኑ ጉልበት ለመዝለል ገና እጥፍ ሲል ነው።

አባቷ በቀሩት ቀናት ምንም አላሉም። ልጅቷ የተቀደደውን ኮት ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጠው «ሰፋ አድርገሽ ስፊው፣ ትከሻው ሰፊ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቃል እንዳልተናገሩ ነገረችኝ። በጎ ይሁን ክፉ ሁለታችንም አላወቅንም።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት፣ አንድ ጎረቤቴ የሆነ ባለሱቅ፣ እና ዕቃ በጅምላ የሚያስረክቡኝ፣ በማስታረቅ የታወቁት ሀጂ። የአባቷ ቤት ስምንተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። በወጉ ሽማግሌ የሚለምነው ቆሞ ነው፤ ልመናው ሳይሰማ አይቀመጥም። የኔዎቹ ግን ስምንት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው በሩ ሲከፈት፣ ሳይጠየቁ ሦስቱም ሶፋው ላይ ወደቁ አሉ። ንግግሩን የጀመሩት ውሃ ጠጥተው ነው።

እኔ ታች ባኪዬ ውስጥ ሆኜ መሪውን ጨብጬ ጠበቅኩ። አባቷ እንዴት ብለው እንደሚመልሱ በየመልኩ አሰብኩት፤ ሁሉም ላይ የማን ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረዱ። ሀጂ ከጎኔ ገብተው ቀበቶ ማሰር ጀመሩ፣ ቀበቶው አልገባ አላቸው።

«ሀጂ፣ ምን አሉ?»

«ቆይ፣ ትንፋሼ ይመለስ።» ቀበቶው ገባ። «እንዲህ አሉ። ልጁን አውቀዋለሁ። ሰድቦኛል፣ ገፍትሮኛል፣ ጎኔም ላይ ወድቆብኛል። አገሩ ሁሉ ነገ በቴሌቪዥን የሚያየው ጀርባውን ነው፣ ፊቱን ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ።»

ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ግንባሬ ክላክሱ ላይ እንዳረፈ ያወቅኩት መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ቀና ስል ስምንተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ ነጭ ጢም ወጣ፣ ከጎኑም የልጅቷ ፊት።

«አንተ ልጅ» አሉ ከላይ፣ «መንገዱ ያባትህ ነው?»

ሀጂ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «መልስ እንጂ» አሉኝ፣ «ሰውየው ይጠይቁሃል።»