ጡረተኛው ሾፌርና የድምፅ ካርዱ

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ተራ ስጠብቅ፣ ከጎኔ ክራቫት ያሰሩ አዛውንት ነበሩ። ኮምፒውተራቸው ቀጥ ባለ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉ ላይ ፍሬን ይረግጣል።

«አባባ፣ አዲሱ ሲስተም የድምፅ ካርድዎን አላወቀውም» አለ ጠጋኙ። «ካርዱን የሚነዳውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ሦስቴ ቀያየርኩ።»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሾፌር ነበርኩ። ሞተሩ ካልታዘዘ ሾፌር ብትቀያይር ምን ይፈይዳል? የካርዱን የራሱን ፕሮግራም አድሰው እንጂ!»

ጠጋኙ እየሳቀ ካርዱ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩን፣ አደሰው። የመጨረሻው ድራይቨር ወዲያው ሠራ፤ ሳቁም ቆመ።

አዛውንቱ ለመሞከሪያ ፍላሽ ሰጡት። የሴት ድምፅ ተሰማ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ልታመሽ ነው?»

«ማን ናቸው?» አለ ጠጋኙ።

«ባለቤቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር» አሉና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አሉ። «መጣሁ እኮ! መንገዱ ተዘጋግቶብኝ ነው።»