የሊማሊሞው ሕግ

ማክሰኞ ጧት ወንድሜ በሰው ፊት አሳፈረኝ። ነገሩን ከዚያ ነው የምጀምረው። ከሌላ ቦታ ልጀምረው ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

አራዳ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረን። ሱቁ የአባታችን ነው፤ ሥራው የወንድሜ። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ከእሱ ጋር እተይባለሁ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ለባለጉዳይ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች የተሰመሩበት ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ይሄ የት አገር ነው ይላል። የትም አይደለም። ጨዋታ ነው።

ጨዋታውን ላስረዳ። ተጫዋቾቹ ከየአገሩ በኢንተርኔት የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። በአካል ተያይተው አያውቁም። በሌለ አገር ካርታ ላይ ሁለት የሌሉ መንግሥታት በዘመናዊ መሣሪያ ይዋጋሉ፤ ታንክ አለ፣ መድፍ አለ፣ ሰው አልባ አውሮፕላን አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያዘው ጦር ይሰጠዋል። በሳምንት አንድ ቀን ትዕዛዙን በስልክ በማይከፈት ቅጽ፣ በኮምፒውተር ጽፎ ለዳኛው ይልካል። ዳኛው ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበትን ዳይስ ይጥልና ማን እንደተመታ፣ ማን እንዳለፈ ያስታውቃል። ትዕዛዝ ያልላከ ሰው ጦሩ ባለፈው ሳምንት ትዕዛዝ ይቀጥላል። ሂድ ተብሎ ከነበረ ይሄዳል። ፊት ለፊቱ ገደል ቢኖርም ይሄዳል።

ሌላው ሰው ታንክ ሲሻማ ወንድሜ የስንቅና የነዳጅ መኪኖችን መረጠ። ይህን ያስመረጡት ከጎናችን ልብስ የሚሰፉት ሽማግሌ ናቸው። አያ ነው የምንላቸው። በድሮው መንግሥት ወታደር ሆነው የስንቅ መኪና ነድተዋል። መጀመሪያ ካርታውን ያዩ ቀን፣ "ሸጋ ነው፤ ግን ይሄ ሁሉ ታንክ ምን ይጠጣል?" አሉ። ወንድሜ ሳቀ፤ ከዚያ ሲያስብ ዋለ።

የሊማሊሞን መንገድም የነገሩት እሳቸው ናቸው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ስትወርድ ያለውን ማለቴ ነው፤ ያን ጊዜ ገና ጠጠር ነበር። "ዝናብ ከጣለ መኪናህን ወደ ተራራው አስጠግተህ ታቆማለህ" አሉት። "ጎማው ሥር ድንጋይ ታደርጋለህ። ትጠብቃለህ። ሌላ ብልሃት የለውም። የቸኮሉት ሁሉ ገደሉ ሥር ናቸው።"

ወንድሜ ይህን መዝገበ ቃላት እየገለጠ በእንግሊዝኛ ጻፈውና የጨዋታው ሕግ ይሁን አለ። በዝናብ ቀን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ ያለ መኪና ከተንቀሳቀሰ ዳይስ ይጣልበት፤ አንድ ወይም ሁለት ከወጣ ገደል ይግባ። ከቆመ ምንም አይሁን። ሰዎቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከሩበት። አንዱ የዛሬ ዘመን የጦር መኪና አይንሸራተትም አለ። ወንድሜ "መጥተህ ንዳው" ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ ተቀበሉት። የሊማሊሞ ሕግ አሉት። ሊማሊሞ የቦታ ስም ይሁን የምግብ፣ አንዳቸውም አልጠየቁም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በጨዋታው ውስጥ ጠላትን ማታለል ይፈቀዳል። በግንቦት ወንድሜ በስልኩ፣ "ከተማችን ውስጥ መብራት ጠፍቷል፤ እባካችሁ ሦስት ቀን ታገሡኝ" ብሎ ጻፈ። መብራት ነበረ። በዚያኛው ወገን ያለው ባላጋራው አዝኖለት ታንኮቹን ወደ ሌላ ግንባር አዞረ። ወንድሜ በባዶው ቦታ መኪኖቹን አሳልፎ ነዳጁን አደረሰ። የተጫዋቾቹ ማኅበር በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ሲያታልል "መብራት ጠፋ" ይባባላሉ። ወንድሜ ኮርቶ ጽሑፉን አትሞ ከካርታው ጎን ለጠፈው።

እንግዲህ ማክሰኞ። ሐምሌ ነው፤ ያካፋል። መብራት የለም፤ ይሄኛው እውነቱን ነው የጠፋው። ሰው መብራት እየጠበቀ ሁለቱ አግዳሚ ላይ ሞልቷል። ወንድሜ ሁለት ኮምፒውተር ሊጠግን አዲ አርቃይ ሊሄድ ቦርሳውን ያዘጋጃል። የአንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ሐሙስ እመለሳለሁ ብሏል። የሳምንቱን ትዕዛዝ መተየብ ስላልቻለ በእጁ ጻፈው።

ያለፈውን ሳምንት ትዕዛዝ የተየብሁት እኔ ነበርሁ። የአንዱን የካርታ ቤት ቁጥር ተሳስቼ ስድስት የነዳጅ መኪና የጠላት መድፍ ሥር አስገባሁ። ተቃጠሉ። እሺ፣ ተሳሳትሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሲነግረኝ ከርሟል። ያን ዕለት ጧት ግን አንዲት ልጅ መመረቂያ ጽሑፏን ልታስተይብ መጣች። ከዚያ በፊትም ሁለቴ መጥታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔ ነኝ የተየብሁላት። ወንድሜ ያውቃል።

"ለእሱ ነው የምትሰጪው?" አላት። "ተጠንቀቂ እህቴ። ይሄ አስር አለቃ ስድስት ቦቴ ነዳጅ አቃጥሎ ነው የመጣው። ወረቀትማ በደቂቃ ነው።"

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ አንዱ ባለጉዳይ።

"ሦስትና ስምንትን አይለይም። ማዕረጉን ገፍፌዋለሁ።"

 የትዕዛዙን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ሰጠኝ። "መብራት ሲመጣ ተይበው። ነገ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይድረስ። ካልደረሰ መኪኖቹ አቀበቱን ይቀጥላሉ፤ ዳኛው ደግሞ በዚህ ሳምንት ዝናብ ነው ብሏል። በራሴ ሕግ ገደል እንዳትከተኝ።" ወረቀቱን ሳልገልጠው የኮምፒውተሩ ኪቦርድ ሥር ወሸቅሁት። "በል አስር አለቃ" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ትከሻዬን አሸሸሁ። ወጣ። መብራቱ ከምሳ በኋላ መጣ። የሰው ወረቀት ሁሉ ተየብሁ። የእሱን አልነካሁም።

ረቡዕ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከአዲ አርቃይ ደወለ።

"ላክኸው?"

"አልላክሁም።"

"ምነው?"

"እኔ መኪና አቃጣይ አይደለሁ? ራስህ መጥተህ ላክ።"

"አንተ ልጅ፣ እዚህ ኢንተርኔት የለም፤ ደግሞም እየዘነበ ነው። የትላንቱን ቀልድ ተወው። አንዲት መስመር ናት፣ አሁን ልንገርህና ጻፍ፤"

ዘጋሁበት። እንደገና ደወለ፤ አላነሣሁም። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባ። "እሺ። አይሱዙ አግኝቻለሁ። መጣሁ።" ደስ አለኝ። ይምጣ አልሁ። ዝናብ ይደብድበው አልሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ በእሱ ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ሰው ድምፅ ነው። "የዚህ ስልክ ባለቤት ምንህ ነው?" አለኝ።

አይሱዙው ሊማሊሞን ወደ ላይ ሲወጣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ተንሸራትቶ ነው። ሾፌሩ ዘሎ ወረደ፤ እሱ አልወረደም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስከሬኑን አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጡት፤ ከቀትር በኋላው የአስር ሶላት እንዳበቃ ቀበርነው። በዘጠኝ ሰዓት ስለ ትዕዛዙ አላሰብሁም። ስለ ምንም አላሰብሁም። ጉድጓዱን ስንሞላ ከሌላው በላይ አፈር ስዝቅ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ "ይበቃሃል" አለኝ። ልመታው ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ የሚመጣው ሁሉ "ሰብር አድርግ፤ ታገሥ" ይለኛል። ሰብር። የአባታችን ወዳጅ የሆኑ አንድ ነጋዴ ደግሞ፣ "ብሩህ ልጅ ነበር፤ በዚያ ጌም ጊዜውን ባያባክን" አሉ፤ የመቃብሩ አፈር ገና ሳይደርቅ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ማን እንዳስቸኮለው አያውቅም። ልጁ ሐሙስ እመለሳለሁ ብሎ ረቡዕ ለምን እንደተሳፈረ ሦስት ሰው ሲጠይቅ ሰማሁት። እኔን ግን አልጠየቀኝም።

አመሻሹ ላይ መቀመጫ አነሰ። ከሱቅ አግዳሚዎቹን አምጣ ተባልሁ። ሄድሁ። ኮምፒውተሩን ለምን እንደከፈትሁ አላውቅም። የማኅበሩ ገጽ መጣ።

ዳኛው ጽፏል፦ የስንቅ አዛዡ ትዕዛዝ አልደረሰኝም፤ ቀርቶ ስለማያውቅ እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቀዋለሁ፤ ከዚያ መኪኖቹ ይቀጥላሉ፣ ዳይሱንም እጥላለሁ። ከሥሩ ባላጋራው፦ "ነገ ሊማሊሞ አባቱን ሊበላ ነው" ብሎ የሚስቅ ፊት አድርጎበታል። ከሱ ሥር ሌሎች የሚስቁ ፊቶች።

እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው። ጻፍሁ። "እኔ ወንድሙ ነኝ። ወንድሜ ዛሬ ሞተ። የመኪና አደጋ። ሊማሊሞ እውነተኛ መንገድ ነው።"

አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ ባላጋራው መለሰ። "ባለፈው መብራት፣ አሁን ደግሞ ሞት? ጎበዝ ነህ። ሁለተኛ አልሸወድም።"

ዳኛው ተከተለ። እውነት ከሆነ በጣም አዝናለሁ አለ። ማታለያ ከሆነ ግን ከገደብ ያለፈ ነው አለ። ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አንድ ማስረጃ ልትልክልን ትችላለህ? አለ።

ማስረጃ። ጥፍሬ ውስጥ የመቃብሩ ጭቃ ነበረ። ምን ልላክለት? ጥፍሬን? በእኛ ከተማ የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ሲሞት የሚጽፍ ጋዜጣ አለ? እዚያ ግድግዳ ላይ የወንድሜ ኩራት፣ "መብራት ጠፍቷል" የሚለው ወረቀት ያየኛል። ቀደድሁት። እሱንም ሰደብሁት። አዎ፣ የሞተውን። ውሸት አስተምረሃቸው ሄድህ አልሁት። ሁለት ገጽ ሕግ ጽፈህ፣ በዝናብ የሚንቀሳቀስ ገደል ይግባ ብለህ፣ ከመላው ዓለም ሰው ጋር ተከራክረህ አሸንፈህ፣ ራስህ ለምን ተሳፈርህ አልሁት። ለምን እንደተሳፈረ ግን አውቃለሁ። ስድቡ ወደ ማን እንደሚዞር አውቄ አቆምሁ። ብቻዬን የቻልሁት አንዱን አግዳሚ ነው፤ ተሸክሜ ሄድሁ።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛውን አግዳሚ ልወስድ ተመለስሁ። አያ የሱቃቸው ደጃፍ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ተከትለውኝ ገቡ። አያ ሰብር አድርግ አላሉኝም።

"የጦሩ ነገር ምን ሆነ?" አሉ ካርታውን እያዩ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገደል ይገባሉ።"

"አላዘዘም?"

"አዝዟል። እኔ ነኝ ያልላክሁት።"

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። "በል ላከው እንግዲህ" አሉ።

ወረቀቱን ከኪቦርዱ ሥር አወጣሁ። እጥፋቱን ዘረጋሁ። እውነትም አንዲት መስመር ናት። "ሁሉም መኪና ባለበት ይቁም፤ ወደ ተራራው ይጠጋ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ማንም አይንቀሳቀስ።" ከሥር በአነስተኛ ፊደል፦ "ቁጥር የለበትም፤ አትሳሳትም።"

ሁለት ደቂቃ አትፈጅም ነበር። በስልክ ሊነግረኝ የነበረው ይህን ነው።

ድምፄን አውጥቼ ለአያ አነበብሁላቸው። "ሸጋ ትዕዛዝ ነው" አሉ። ድምፃቸው ግን ሸጋ አልነበረም።

ተየብሁት። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ቃል አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁም። በእሱ ስም ላክሁት። ከዚያ በራሴ ስም፣ ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፦ "ማስረጃ አልልክም። ስለ መብራቱ ዋሽቷል፤ ስለዚህኛው ግን አልዋሸም። መኪኖቹ ቆመዋል። ማንም አይንካቸው።" ፊት የለበትም፣ ሰላምታ የለበትም። መልሳቸውን አልጠበቅሁም። ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀልሁት።

"ደረሰ?" አሉ አያ።

"ደረሰ።"

"ማን እንዳስቸኮለው አባትህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያ የቀረህ እሱ ነው።"

ወረቀቱን ኪሴ ከተትሁ። ከአግዳሚው አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ ሌላውን እኔ። ውጭ ማካፋት ጀምሯል። ቁልቁለቱን ቀስ እያልን ወረድን፤ አባቴ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። አግዳሚውን አጠገቡ አስቀመጥነው። ሌላ ሰው ሳይቀመጥበት እኔ ተቀመጥሁና፣ "አባ፣ ረቡዕ ለምን እንደመጣ እኔን ጠይቀኝ" አልሁት።