የሰሜን ዋልታው መርዶ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ «ጋሼ ዋልታ የት አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማይመልስላችሁ የለም። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ተክለብርሃን ነው። ዕድሜው ስድሳ ሁለት፣ ሥራው ታክሲ መንዳት፣ ቤቱ ሃውቶርን፣ ምሳው ደግሞ ሁልጊዜ እታገኘሁ ምግብ ቤት፣ ጥግ ላይ፣ በሩን ፊት ለፊት እያየ። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም። በዕድሜው በረዶ ረግጦም አያውቅም፤ እንዲያም ሆኖ ስለ ሰሜን ዋልታ ከጀመረ የሚያስቆመው የለም።

ጠርጣራነቱማ አይነሳ! «እንደምን አደርክ?» ሲሉት «ምን ሰማህ?» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ስለ ተአምር ሲሰብኩ ሳይቀር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሚስቱ ካሰች በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች። ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለቻ። «ማን አየ?» ነው የሚለው።

አይፈረድበትም። ወጣትነቱን የጨረሰው አሰብ ወደብ ላይ፣ ጭነት በመቆጣጠር ነው። ወረቀቱ ስኳር ይላል፤ ጆንያው ሲቀደድ አሸዋ ይፈሳል። «ዝም ብለህ ፈርም» የሚሉት ብዙ ነበሩ፤ እሱ ግን እጁን ጆንያው ውስጥ ሳይከት ፈርሞ አያውቅም። በዚህ ጠባዩ ሁለት ጊዜ ታሰረ። ደርግ ሲወድቅ በጀልባ ጅቡቲ ተሻገረ፤ ከዚያ በስደተኝነት ሎስ አንጀለስ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እዚህም መጥቶ፣ መንገድ ከምታሳየው ጂፒኤስ ጋር «ማን ነግሮሽ ነው?» እያለ ይከራከራል።

ዋልታውን ያመጣበት አንድ ተሳፋሪ ነው። ሰውዬው ኤርፖርት ሲወርድ የኋላ ወንበር ላይ ወፍራም መጽሐፍ ረስቶ ሄደ። ተክለብርሃን ለጠፉ ዕቃዎች ቢሮ አስረከበ፤ ባለቤቱ ሳይመጣ ቀረና ከሦስት ወር በኋላ «ያንተ ነው፣ ውሰደው» አሉት። «ለምን ለኔ?» አለ። ገጾቹን አራግፎ ምንም አለመውደቁን ካረጋገጠ በኋላ ተቀበለ። ወደ ሰሜኑ የምድር ጫፍ የተጓዙ ሰዎች ታሪክ ነበር። ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራውን ሲጠብቅ፣ መዝገበ ቃላት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ምስክር ቃል መረመረው።

«ሁለት አሜሪካኖች አሉ፣ ኩክና ፒሪ የሚባሉ» ይላል ምሳውን ገፋ አድርጎ። «አንዱ በ1908፣ አንዱ በ1909፣ ዋልታውን መጀመሪያ የረገጥኩት እኔ ነኝ ባዮች። ሶ፣ ማን አየ? እዚያ ድንጋይ የለ፣ ዛፍ የለ፣ በረዶው ራሱ ባሕር ላይ ይሄዳል። ዛሬ የተከልከው ባንዲራ ነገ ሌላ ቦታ ነው። ጻፍን ያሉትን ብታይ ደግሞ ቀኑና ርቀቱ አይገጥምም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል!»

ሀይለገብርኤል፣ የልብ ጓደኛው፣ እሱም ታክሲ ነጂ፣ የእድራቸው ጸሐፊ፣ ሆን ብሎ ይቆሰቁሰዋል። «አለመድረሳቸውንስ ማን አየ? አንተ እዚያ ነበርክ?» ያኔ የተክለብርሃን የአንገት ሥር ይገተራል፤ እታገኘሁም ከማዕድ ቤቱ «ኧረ ጋሼ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ራሱ ዋልታ ሆነ!» ትላለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የፍራንክሊን ነገር ነው። ፍራንክሊን እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ በ1845 በሁለት መርከብ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ይዞ፣ በሰሜኑ በረዶ መሐል መተላለፊያ ሊፈልግ ወጣ፤ ወጥቶ ቀረ። ሚስቱ ሰው እየላከች አስፈለገችው። ዘጠነኛው ዓመት ላይ አንድ ሐኪም የዚያን አገር ሰዎች፣ ኢኑይቶቹን፣ ጠይቆ ተመለሰ። ነጮቹ በረሃብ አልቀዋል ብለውታል፤ የሟቾቹን ማንኪያና ሹካም ይዞ መጥቷል። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሚስትዬውም ወገኖቿም የአረመኔ ቃል አንቀበልም አሉ።

ሌላ አንባቢ ለተራቡት ያዝናል። ተክለብርሃን የሚናደደው በመርዶው ነው። «መርዶ በጋዜጣ ይነገራል? ሽማግሌ የለም? ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ አይነግራትም? እንዴት ትመን! ሰማች እንጂ መች ተረዳች?» ይላል። ቤቱ በሳቅ ያልቃል። ለእንግሊዝ እመቤት ሀበሻ ሽማግሌ ሊልክ!

ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምታለት የማታውቅ ካሰች ብቻ ናት። ሶፋው ላይ ያነብላታል፤ መርከቦቹ በረዶው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 2014፣ የኛ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ሲሰማ ከፍራንክሊን መርከቦች አንዱ ካናዳ ውስጥ ባሕር ሥር ተገኘ ተባለ። የት? ኢኑይቶቹ ድሮ ሰጥሟል ካሉበት አካባቢ! መቶ ስድሳ ዓመት ያልታመነ ምስክር! ተክለብርሃን ተራውን ለቆ ፌርፋክስ ድረስ በረረ፤ ፓርክ ማድረጊያ ሲያጣ መቆም የተከለከለበት ቀዩ መስመር ላይ አቆመ። «አላልኳችሁም?» እያለ ገባ። «አይተናል ያሉት እውነታቸውን ነበር!»

ማንም አልሳቀም። ሀይለገብርኤል አንገቱን ደፍቶ «እውነትህን ነው ተክሌ» አለው።

ሀይለገብርኤል! ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እውነትህን ነው ብሎት የማያውቅ ሰው! እታገኘሁ ደግሞ ያላዘዘውን ጥብስ አምጥታ አስቀመጠችና ትከሻውን ዳበስ አድርጋው ሄደች። ሲገባ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ይንሾካሾኩ የነበሩ ሴቶች ጸጥ ብለዋል። ተክለብርሃን ይህን ዝምታ ያውቀዋል። አሰብ ሳለ፣ እናቱ የሞተች ሰሞን፣ ጓደኞቹ መርዶውን ደብቀው አንድ ሳምንት ሙሉ ሥጋ ጋብዘውታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። «ሞቶብኛል» አለ በልቡ። «ግን ማን?»

አገር ቤት የቀረችው አንዲት እህቱ ሙሉዬ ናት። ጥብሱን ሳይቀምስ ወጣ።

ለካሰች ትንፍሽ አላለም። ካሰች ልቧን ታማለች። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የምትንከባከባቸውን አሮጊት ደረጃ ደግፋ ስታወጣ ትንፋሽ አጥሯት ከወደቀች ወዲህ ሥራ አቁማለች፤ በሚመጣው ማክሰኞ ልቧ ተከፍቶ ይጠገናል። ሐኪሙ «እስከዚያ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይነካት» ብሎ አስጠንቅቋል። እሷም ብትሆን የራሷ ጭንቀት አላት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ወርቁ በየእሑዱ ከደብረ ብርሃን ይደውል ነበር፤ ሳይደውል ሁለት እሑድ አለፈ። «ኔትወርክ ይሆናል» ትላለች፣ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ።

ሐሙስ በእንቁጣጣሽ፣ ተክለብርሃን ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሙሉዬ ደወለ።

«ሃሎ!» አለች። የራሷ ድምፅ ነው። እንባው መጣ፤ ጠባዩ ግን አለቀቀውም።

«አንቺ ነሽ? የአባታችን በቅሎ ስሟ ማን ነበር?»

«ምን ነክቶሃል አንተ ሰውዬ? ቦራ ነበረቻ! እንኳን አደረሰህ ይባላል መጀመሪያ።»

እፎይ አለ። ሙሉዬ አለች! ከዚያ ግን «ካሰች እንዴት ናት?» አለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ካሰች ደህና ናት?» ልትዘጋ ስትል «ካሰችን አደራ» አለችው፤ እሱን እንዴት ነህ ሳትለው ዘጋች። ተክለብርሃን ስልኩን እያየ ቀረ። ሙሉዬና ካሰች በሆነ የሠርግ ነገር ተቀያይመው ሃያ ዓመት ሰላም አይባባሉም። ሙሉዬ የካሰችን ስም ሦስት ጊዜ ስትጠራ!

ወርቁ ጋ ደወለ። ዝግ ነው። መርዶው የራሱ የተክለብርሃን አልነበረም፤ የካሰች ነው። ይሄ ከሆነ ደግሞ ከማክሰኞ በፊት አንድ ሰው ከአፉ ካመለጠው ሚስቱን ሊያጣ ነው። ፈራ፤ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ግን ማን አየ? የተዘጋ ስልክ ማስረጃ ይሆናል? ሰውዬው በሕይወት ይኖር ይሆናል፤ እጁን ጆንያው ውስጥ ሳይከት እንዴት ይመን?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ምግብ ቤቱ ገባ። ሀይለገብርኤልና እታገኘሁ ባንኮኒው ጋ ነበሩ። ተክለብርሃን ፊቱን እንደምንም አፈካና «ወርቁ ትናንት ደወለ እኮ፤ ሰላም በልልኝ ብሏል» አለ።

እታገኘሁ የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው። «በስመ አብ!» ብላ አማተበች፤ የተቀበረ ሰው ሲደውል ሰምታ አታውቅማ! ሀይለገብርኤል «ዝም በይ አንቺ!» አላት፤ ግን አለቀ፣ ወጣ።

«መቼ?» አለ ተክለብርሃን።

«ነሐሴ ሃያ ሁለት። ሦስት ቀን ብቻ ታሞ።»

«ማን አየ?»

ይህቺን ቃል ሁልጊዜ ይሟገትባት ነበር፤ የለመነባት ያኔ ብቻ ነው። ሀይለገብርኤል እጁን ይዞ «እህትህ አይታለች» አለው። «ሙሉዬ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዳ፣ በካሰች ቦታ ቆማ አልቅሳ አስቀብራለች።»

ተክለብርሃን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጀርባው ለበሩ ነበር።

«እኔን ለምን ደበቃችሁኝ?» አለ።

«ፊትህ ነዋ ጋሼ!» አለች እታገኘሁ፣ እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች። «ካሰች አንድ ጊዜ ቀና ብላ ብታይህ ታውቃለች። ሰርጀሪው አልፎ፣ ሐኪሙ ኦኬ ሲል፣ ከነቄሱ ማልደን እንመጣለን። እስከ ሰርጀሪው ሦስት ቀን ነው።»

«ሚስቴን ልዋሻት ነው?»

«በወጉ ትረዳ የምትለው አንተው አይደለህም?» አለው ሀይለገብርኤል።

ተክለብርሃን ወጣ። መኪናው ውስጥ በመስታወቱ ፊቱን እያየ ልምምድ አደረገ፤ የትኛውም ፊት አላሳመነውም።

ቤቱ ሲደርስ ካሰች ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፋ ነበር። ገና እግሩ ሳይገባ «በእንቁጣጣሽ እንኳ አልደወለም» አለችው። «የሚደብቁኝ ነገር አለ ተክልዬ። እታገኘሁ ትናንት ሾርባ ይዛ መጥታ ዓይኔን ማየት አቃታት።»

ተክለብርሃን እጁን ሊታጠብ ጀርባውን ሰጣት። ውሃውን ከፍቶ፣ በውሃው ድምፅ ላይ «ሙሉዬ አይታዋለች» አላት።

«ሙሉዬ? የኛዋ?»

«ደብረ ብርሃን ሄዳ ነበር። ቁርሾው ይብቃ ብላ። ወርቁ ስልኩ ውሃ ገብቶበት ነው። ደህና ነው።»

የመጀመሪያዋ ቃል እውነት ነበረች፤ ሌላውን በእሷ ላይ ጫነው። ካሰች ከትራሱ ቀና አለች።

«አንተ አምነሃታል?»

«አምኛታለሁ።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አለች ካሰች፣ ረጅም ትንፋሽ አውጥታ። «ሌላ ሰው ቢነግረኝ ሊያረዱኝ ነው እል ነበር። አንተ ግን ጸሐይ ወጣች ሲሉህ እንኳ ወጥተህ የምታይ ሰው። አንተ ካመንክ እኔ ምን ቤት ነኝ!» ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእጇ ሲወጣ ያን ጊዜ ገና መሆኑ ነው። «ና እስቲ፣ ያን መጽሐፍህን አንብብልኝ። ዛሬ አልተኛም። ያቺ ባሏ የጠፋባት እንግሊዛዊት መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

አጠገቧ ተቀመጠና እያነበበ በአማርኛ ይመልስላት ጀመር። መርከቦቹ ወጡ። በረዶው ያዛቸው። ክረምት አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ካሰች እንዳለችው አልተኛችም፤ እጇን ክንዱ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ሐኪሙ ማንኪያና ሹካ ይዞ የሚመጣበት ገጽ ላይ ሲደርስ ተክለብርሃን ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጦ አለፈው።

«ከዚያ በረዶው ለቀቃቸው» አለ፣ ወረቀቱን እያየ። «ወደ አገራቸው ተመለሱ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ካሰች ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

«ማን አየ?» አለችው፣ ልታበሽቀው።

ተክለብርሃን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እኔ» አላት። «እኔ አይቻለሁ።»