ጭቃው ያልተራገፈ ቦት ጫማ

ጤናዬ የጂንካን ሰው በኪሎ ታውቀው ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ከነሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሚዛኑን የምታነበውም እሷ ናት። የቢሮው ሹም ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብ፣ እመጫቷ ልጇን በነጠላ ስትደብቅ፣ ጤናዬ መርፌውን ብቻ ታያለች። ዋሽታ አታውቅም።

በ1979 መስከረም፣ አስተምሯት የነበረው የፊዚክስ መምህር ሶርሳ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተጠራ። መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል፤ ያን ቀን ካልበረረ ምዝገባው ያልፈዋል። ጤናዬ ከተማሪነቷ ጀምሮ ትወደዋለች። እሱ አያውቅም።

ከብቶቹ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ እስኪባረሩ ሁለቱ ከቆርቆሮው ጥላ ስር ቆሙ።

«ምን ሊማሩ ነው፣ መምህር?»

«ክብደት።»

«እሱንማ እኔ አስተምርዎታለሁ!»

ሳቀ። «አንቺ የምታነቢው መሬት ምን ያህል እንደምትስበን ነው። እኔን የገረመኝ የሚሳበው ነገር ከየት መጣ የሚለው ነው። ዓለም ገና ስትጀምር፣ እንደ እሳት ሳለች፣ ቅንጣቶች ሁሉ እንደ ብርሃን ይሮጡ ነበር። ይሄ ሜዳ በበጋ ደርቆ እንደሚሆነው በይው። ስትበርድ ጊዜ ሜዳው እንደ ዛሬው ጭቃ ሆነ፤ አንዱን ቅንጣት አጥብቆ ያዘው፣ ሌላውን ላላ አድርጎ። ክብደት የሆነው ያ መያዝ ነው። ብርሃን ብቻ ሳይያዝ አለፈ።»

«ታዲያ ካወቁት ምን ያስኬድዎታል?»

«የመሬት ስበት ነገር ቀረኛ! የስበት ሕግና የቅንጣቶች ሕግ አይግባቡም። ሐመሩና አሪው እንኳ ገበያ ላይ በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ ለእነዚህ ግን የጋራ ቋንቋ አልተገኘላቸውም። መጀመሪያ ላይ አንድ የነበሩ ይመስለኛል።»

ጤናዬ ዕድሜ ልኳን የረገጠችውን ጭቃ እንደ አዲስ አየችው።

አውሮፕላኑ አረፈ። ሶርሳ መጽሐፎቹን ታቅፎ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ከተፈቀደው በለጠ።

«ወይ መጽሐፉ ወይ ሰውየው ይቀራል!» አለ አብራሪው፣ ደመናውን እያየ።

ሶርሳ መጽሐፎቹን ይበልጥ አጥብቆ አቀፈ። ጤናዬ መዋሸት አላስፈለጋትም። ዝም ብትል በቂ ነበር፤ አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ እሱ ይቀርላታል። አንገቷን ደፋች። ያኔ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የተለወሰውን ቦት ጫማ አየች።

«መምህር... ቦቱን ያውልቁት።»

«አዲስ አበባ በባዶ እግሬ ልግባ?»

«ብርሃንስ በምን ጫማ አለፈ?»

ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አወለቀ። መርፌው ወረደ። በካልሲው ሜዳውን እየዘለለ ሮጠ፣ ተሳፈረ፣ ሄደ።

ሶርሳ አልተመለሰም። እሷም ከጎረቤት ከተማ ከገዘር ሰው አገባች፣ ወለደች። ቦቱ ግን ከሚዛኑ አጠገብ ኖረ። ጠዋት ጠዋት ከተሳፋሪ በፊት እሱን መዝና መርፌው እንዳልሳተ ታያለች። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ እንኳ መጀመሪያ የመዘነችው እሱን ነው።

«ጭቃውን ለምን አታራግፊውም?» ይሏታል።

«ይቀልብኛል» ትላለች።